ሆዱ የሚነግረው አበልጅ

«እንኳን በደህና መጣሽ ባንቺ! የኩልመስክ መንገድ እንዴት አደረገሽ? አቧራው ያው ነው? … ገብሱስ? ውርጭ አልመታባችሁም? እሰይ፣ ተመስገን። እኛም ያው ደህና ነን። ብርዱ ነው እንጂ ምን ጠፍቶ … ይኼ ድንኳን ግን ሞቅ ይላል፣ አይደል? ዳቦውንስ ቀመስሽው? ቅመሽው እስቲ። እንዲህ ሳያለፋ የሚዋጥ ዳቦ በየቀኑ አይገኝም።»

ደብሪቱ ይኼን ሁሉ የተናገረችው ሌላው ጠረጴዛ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነበር። ባንችይርጋ ግራ ተጋብታ ቀና ብላ አየቻት። የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚያስጮህ ነገር አልነበረም።

«የምጮኸው ጆሮሽን ስለሚያምሽ ነው እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች ደብሪቱ፣ ይህንንም ጮክ ብላ።

ባንችይርጋ ጆሮዋን ታማ አታውቅም። ማዶ ተረተር ላይ ላም ስታገሳ የማን ላም እንደሆነች በድምጿ የምትለይ ሴት ናት። ነገር ግን ደብሪቱ በነጠላዋ ሥር እጇን ጨበጥ አደረገቻት። የደብሪቱ እጅ በረዶ ሆኗል። ባንችይርጋ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አጠፍ አደረገችና፣ እንደማይሰማ ሰው አንገቷን ሰገግ አድርጋ ትጠብቅ ጀመር።

ዕለቱ የራዕይ ፔንሲዮን የምርቃት ቀን ነበር። ከሚሊኒየሙ በዓል ወዲህ ላሊበላ ላይ በየኮረብታው ጫፍ የእንግዳ ማረፊያ ይሠራ ጀምሯል፤ ይኼኛው ግን ከሁሉም በላይ ወጣ ብሎ፣ ሰፋፊ መስኮቶቹን ወደ አሸተን ተራራ አዙሮ የተቀመጠ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ባለቤቱ አቶ ደሳለ ነው። ድሮ ለቱሪስት መስቀልና ጌጣጌጥ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የደብሪቱ ባል ምስጋኑ ደግሞ አስጎብኚ ነበር፤ ፈረንጆቹን አብያተ ክርስቲያናቱን አዟዙሮ ሲጨርስ ወደ ደሳለ ሱቅ ያመጣለት ነበር። ከዚያ ወዳጅነት የተነሳ ደብሪቱ የመጀመሪያ ልጇን ዘመንን ስትወልድ ደሳለ ክርስትና አነሳላት፤ አበልጅ ሆኑ። ምስጋኑ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ደብሪቱ ለምርቃቱ ስትጠራ አልመጣም አላለችም። እንዲያውም ቀድማ መጣች። ቦታዋን ራሷ መረጠች፤ ደሳለ ከመሪጌታ ውባንተና ከወረዳው ኃላፊ ጋር ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ በስተጀርባ፣ እጅ ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ።

«ቤቱንማ አይተሽው የለ! መስኮቱ ብቻ እኮ የኛን ቤት ግድግዳ ያህላል። ሰው ጥሮ ግሮ እዚህ ሲደርስ ደስ አይልም? … እኔ መቼም የሰው ማግኘት አያመኝም። ብቻ እንዲህ ያለ ቤት ባየሁ ቁጥር አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል። ስሙን? ስሙ ምን ያደርግልሻል ባንቺ፣ አታውቂውም። ሩቅ ነው … በጣም ሩቅ። ሰው ሁሉ ልቡ ነው የሚነግረው፣ አይደል? እኔንም አንቺንም አልፎ አልፎ ልባችን ሹክ ይለናል። እሱን ግን ሆዱ ነው የሚነግረው። እውነቴን ነው! ፈጣሪ ጸጋውን ሲያድል ቦታ አይመርጥም። ለባሕታዊው በራዕይ፣ ለእሱ በሆዱ።

«አንዲት በቅሎ ነበረችው። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ሆዱን ዳበስ ዳበስ አደረገና ‹ይቺ በቅሎ ክረምቱን አትወጣም፣ ሆዴ ነግሮኛል› አለ። በነጋታው ሙጃ ገበያ ነድቶ ለአንድ ምስኪን ገበሬ ሸጣት። ወር አልቆየችም … ሞተች። አየሽልኝ ትንቢት? ‹ታዲያ ለሰውየው ለምን አልነገርከውም?› ብለው ቢጠይቁት ምን አለ መሰለሽ? ‹ሆዴ የነገረው ለእኔ ነው እንጂ ለእሱ ነው እንዴ!› ልክ ነዋ! ሆድ መቼ ለሌላ ሰው ያስባል?»

ከፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ሳቅ አፈነ። የበቅሎዋን ታሪክ ላሊበላ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደሳለ ወደ ኋላ አልዞረም። ለወረዳው ኃላፊ ጠጅ ቀዳለት፤ ሲቀዳ ጥቂት ፈሰሰበት። ደብሪቱ ጀርባውን ታያለች፤ አዲስ ኮት ለብሷል፣ ኮቱ ከትከሻው ላይ ወጠር ብሏል። ወር ሙሉ ይህን ጀርባ እያሰበች ነው የተኛችው። መጀመሪያ ሽማግሌ ልትልክ አስባ ነበር። ከዚያ ደግሞ ፍርድ ቤት። ግን ምን ብላ ትከሳለች? ‹ማን አስገደደሽ? የፈረምሽው አንቺ አይደለሽ ወይ?› ቢሏትስ? ያላት አፏ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እስከ ዛሬ ሰው ፊት ደፍሮ ተናግሮ አያውቅም።

ሸጌ፣ የደሳለ ሚስት፣ በራሷ እጅ ሥጋ ይዛ እየተጣደፈች መጣችና ደብሪቱ ሳህን ላይ ቆለለችላት። ዓይኗ ይለምናል፣ አፏ ይስቃል።

«አይ ሸጌ፣ ተይው እህቴ፣ በቃኝ። እኔ እኮ ሆዴ ትንሽ ናት፤ ቶሎ ነው የምትሞላው … ይልቅ ለባንቺ ጨምሪላት፣ ከሩቅ ነው የመጣች። እግዜር ይስጥልኝ የኔ እመቤት፣ እጅሽ ይባረክ።»

ሸጌ ሄደች። ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ባንችይርጋ ዞረች።

«ምን ላይ ነበርኩ? … እ፣ ሆዱ። አክሲዮን የሚባል ነገር ታውቂያለሽ ባንቺ? ከባንክ የምትገዢው ድርሻ ነው። ባንኩ ባተረፈ ቁጥር ላንቺም ያካፍልሻል። ያን ሰሞን አክሲዮን ያልገዛ ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ታዲያ አንዲት ሴት አውቃለሁ። እሷም ሩቅ ናት … አታውቂያትም። ባሏ ፈረንጅ ከሚሰጠው ጉርሻ እያጠራቀመ አክሲዮን ገዛ። ጫማ ሳይቀይር እኮ ነው! ሶሉ አልቆ ድንጋዩን በእግሩ እየዳሰሰ ‹ይኼ የልጄ ትምህርት ነው› ይል ነበር ባሌ … ባሏ ማለቴ ነው። ምላሴ ነው፤ ዛሬ ጠላው አሳስቶኝ ነው። ከዚያ ሰውየው ሞተ። ልቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ማን ነበር? ያ የነገርኩሽ፣ ሆዱ የሚነግረው! ሚስቲቱ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። ደረቱን እየመታ ‹ወንድሜን! ልጁን እኔ አሳድገዋለሁ!› ሲል የሰማ ሁሉ አብሮት አነባ። ሆደ ባሻ ነው። እንባው ቅርብ ነው፣ ሆዱም ቅርብ ነው …

«ዓመት ሳይሞላ ፈረንጅ አገር ገበያ ወደቀ ተባለ። ራዲዮው ጠዋት ማታ ስለ እሱ ብቻ ሆነ። እዚህም ፈረንጅ ድራሹ ጠፋ። አስጎብኚዎቹ ቤተ ጊዮርጊስ ማዶ ጥላ ሥር ዳማ እየተጫወቱ ይውሉ ነበር። ያ ሰው ታዲያ መሀላቸው ቆመና ‹ገና ምን አያችሁ! የኛም አክሲዮን ይወድቃል። ዓመት ሳይሞላ እሳት የምታያይዙበት ወረቀት ነው የሚሆነው› አለ። መምህር አብዱልሀሚድ፣ ሒሳብ የሚያስተምረው፣ ‹በምን አወቅክ? ባንኩ እኮ ዘንድሮም አትርፏል› ቢለው፣ ሆዱን ቸብ ቸብ አድርጎ ‹ይኼ ነግሮኝ!› አለው። በቃ። ሒሳብ አፉን ያዘ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሻለሽ? የባንክን ነገር ባንክ የሚያውቅ ይመስልሻል … ሆድ ነው የሚያውቅ።

«ሌላው ሰው ሳቀበት። ሳቁበት ስልሽ! ያቺ ሴት ግን አልሳቀችም። እንዴት ትሳቅ? ቤቷ መጥቶ፣ ባሏ ይቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ሆዱን ይዞ ‹ሆዴ ተላወሰብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ላንቺ ነው የምጨነቀው ሆዴ› እያለ … ‹ሆዴ› ነበር የሚላት። አየሽ ፍቅር? ሰው እኮ የሚወደውን ነው ሆዴ የሚለው። እሷ ሞኝ፣ እሷን የጠራ መሰላት።»

ባንችይርጋ ፈገግታዋን በነጠላዋ ጥለት ሸፈነች፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ። የማን ታሪክ እንደሆነ ገና አሁን ነው የገባት። ከጆሮዋ ላይ መዳፏን ለማንሳት ሞከረች፤ ደብሪቱ ክንዷን ይዛ አቆየቻት።

የወረዳው ኃላፊ ለመናገር ተነሳ። አቶ ደሳለን ‹ባለ ራዕይ ልማታዊ ባለሀብት› አለው፤ ከባዶ ተነስቶ እዚህ የደረሰ፣ ለወረዳው ወጣቶች የሥራ ዕድል የፈጠረ ሞዴል ነው አለ። በመስታወት የተሸፈነ የምስጋና ምስክር ወረቀት ሰጠው። ተጨበጨበ። ደሳለ ሲቀበል ዓይኑ ሳይፈልግ ወደ ደብሪቱ ሄደና ቶሎ ተመለሰ። ደብሪቱ ከሁሉም አስበልጣ ታጨበጭብ ነበር። ጭብጨባው ካቆመም በኋላ ጥቂት ጨመረች።

«እልልል! … ደስ ሲል! እውነት እኮ ነው ያሉት ባንቺ። ከባዶ ተነስቶ! ከማን ባዶ እንደሆነ አልተናገሩም እንጂ። ለነገሩ ጊዜ የለም፣ ስብሰባ ይጠብቃቸዋል። እኔም ያንን ሰው እንዲህ ባለ መድረክ ቢሸልሙት ብዬ ተመኘሁ። ደግነቱን አልነገርኩሽማ! ሴትየዋ ‹እሺ ልሽጥ፤ ግን ይወድቃል የተባለውን ማን ይገዛኛል?› ብትለው፣ ‹እኔ አለሁልሽ አይደል? አንድ የወልድያ ሰው አግኝቼልሻለሁ፣ ሞኝ ነው፣ ሳይነቃ ቶሎ እንጨርስ› አላት። ሰውየው ሥራ ይበዛበታል፣ መምጣት አይችልም። ታዲያ ማን ወኪል ሆኖ ፈረመለት? እሱው። ለሻጭም ለገዢም አንድ ሰው ሲደክም አይተሽ ታውቂያለሽ? ኮሚሽን እንኳ አልቀበልም ብሎ ማለ። ‹ከሙት ልጅ ገንዘብ? እኔ? ሞቼ ነው!› አለ። አልወሰደም። አንዲት ሳንቲም ኮሚሽን አልወሰደም … ያ ቁራጭ ነገር ምን ያደርግለታል?

«ባልየው ከገዛበት ባነሰ ነው የሸጠችው፤ እሷ ግን አመስግና ሸኘችው። አንድ በግም አረደችለት። የራሱን አክሲዮንስ ሸጠ ወይ? እሱማ እንዴት ይሽጥ! ለእሷ ሲጨነቅ የራሱን ረሳው። ሰው ለራሱ እንዲህ ግድ የለሽ ይሆናል?

«ከዚያ ዓመቱ ሞላ። ሊወድቅ ነው የተባለው … ወጣ። ባንኩ ትርፍ አከፋፈለ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ጨመረ። ድርሻውን የያዙት ሁሉ ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ፣ ልጅ አስተማሩ። ትንቢቱ አልሠራም ትያለሽ? ኧረ ሠርቷል! ይወድቃል ሲል ሰው ሁሉ በደንብ አልሰማውም እንጂ። ማን እንደሚወድቅ ነበር ሆዱ የነገረው።»

በዚህ ጊዜ ዘመን የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሀል ይመጣ ነበር። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ የአባቱን ይመስላል። ደሴ የነርስ ትምህርት ጀምሮ፣ ክፍያው ሲያቅታቸው አቋርጦ ተመልሷል። ፔንሲዮኑ ገና ሳይመረቅ እንግዳ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ነጭ ጃኬቱን ለብሶ እንግዳ ያስተናግዳል፣ የፈረንጅ ሻንጣ ይሸከማል፣ አንሶላ ይቀይራል። የአባቱ አክሲዮን ወድቆ እንደቀረ ነው የሚያውቀው። ደብሪቱ እውነቱን ከሰማች ገና ወሯ ነው፤ ለልጇ ልትነግረው አፏን ከፍታ ስንት ጊዜ መልሳ ዘጋችው። ወጣት ነው፣ እጁን ያነሳል ብላ ፈራች።

አሁን እናቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ደብሪቱ አየችው። ልትተወው ትችል ነበር፤ ስለ ገብስና ስለ ብርድ ልታወራ ትችል ነበር።

«ቅዳልን ልጄ፣ ለአክስትህ ቅዳላት … ቆይ እዚህ ቁም፣ ታሪኩ ሊያልቅ ነው። አንተም ብትሰማው አይጎዳህም።

«ያቺ ሴት ልጅ ነበራት አላልኩሽም? ትምህርቱን አቋርጦ መጣ። ማን ሰበሰበው? እሱው ነዋ! ‹የወንድሜ ልጅ ሰው ቤት ተቀጥሮ አይሠራም› ብሎ እራሱ ቤት ቀጠረው። በአባቱ ላብ በተሠራ ቤት … ምን አልኩ? በራሱ ላብ፣ በራሱ! ዛሬ አፌ ምን ነካው? … በራሱ ላብ በሠራው ቤት ሻንጣ ያሸክመዋል። ከደመወዙ የሰበረውን ብርጭቆ ብቻ ነው የሚቆርጥበት፤ ሌላውን አይነካበትም። ልጁም እጅ እየነሳ ‹አባቴ› ይለዋል። እንዲህ ያለ አሳዳጊ ማን ያገኛል?

«መጨረሻውን ልንገርሽና ልብላ። ሴትየዋ ለባሏ ሙት ዓመት በግ ልትገዛ ሙጃ ገበያ ወረደች። አንድ ተጫዋች የወልድያ ነጋዴ አገኘች። ሳቂታ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ነገር የማይቆይ። በበጉ ዋጋ ተስማምተው ሲጨርሱ ‹እናቴ፣ ገንዘብሽን በበግ ከምታጠፊ አክሲዮን ግዢበት› አላት። ‹እንዴት ሆኖ?› አለችው። ‹የእህቴ ባል እኮ አንዲት የላሊበላ ሞኝ ሴትዮ አግኝቶ፣ ይወድቃል ሆዴ ነግሮኛል ብሎ አስደነገጣትና ድርሻዋን በእኔ ስም ገዛት። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ፎቅ አቁሟል› ብሎ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ክፋት የለበትም። ሴትየዋም … ሳቀች። ምን ታድርግ? አብራው ሳቀች። በጓንም እየጎተተች ዳገቱን ወጣች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። የእሷ ሆድ መቼም ይችላል፤ አይናገርም እንጂ።»

ድንኳኑ ዳር፣ ከጠጁ አጠገብ፣ ሲስቅ የዋለ አንድ ሰው ነበር። አዳም ይባላል፤ የሸጌ ወንድም ነው፣ ከወልድያ ለምርቃቱ የመጣ። ታሪኩን እንደ ሌላው ሁሉ በፈገግታ ሲያዳምጥ ቆይቶ ‹የወልድያ ነጋዴ› ሲባል ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ብርሌውን አስቀመጠ። ደብሪቱን አሁን ነው በደንብ ያያት። ያ ቀን የበጉን ገመድ እጇ ላይ የጠቀለለላት ራሱ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያላት፣ የእህቱ ባል አበልጅ መሆኗን ማንም አልነገረውም ነበር። ‹አንዲት ሞኝ› ነው የተባለው። ተነስቶ ወደ ደሳለ ጠረጴዛ ሄደና ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ። ምን እንደጠየቀው አልተሰማም። ደሳለ ግን ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም። አዳም ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳና እህቱን እንኳ ሳይሰናበት ከድንኳኑ ወጣ።

ዘመንም እንዲህ ሆኖ ሲወጣ አየው። ከዚያ እናቱን አየ፤ እናቱ ደግሞ ወደ መሬት አየች። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልጁ እጁን አላነሳም። የነጩን ጃኬት ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ አወለቀው፣ በደንብ አጠፈው፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መለሰ። ሄዶም ደሳለ ጭን ላይ አስቀመጠለት። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ተመልሶ በሸሚዙ ብቻ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ባንችይርጋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ ነጠላዋንም አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ላብ ከደሳለ አንገት ወደ አዲሱ ኮት ይወርድ ነበር። የወረዳው ኃላፊ ሰዓቱን አየ። ሸጌ ወደ ጓዳ ገብታ አልተመለሰችም።

መሪጌታ ውባንተ ጢማቸውን ይዘው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። አሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉና መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። እንግዳ በልቶ ሳይመርቅ አይነሳም፤ እሳቸው ከመብሉ በፊት መርቀዋል፣ ከቤተ ዘመድ ደግሞ የሚመርቅ ሰው ያስፈልጋል። መቋሚያቸውን ቀና አድርገው ወደ ደብሪቱ ጠቆሙ።

«እኔ አባቴ? … ኧረ እኔ ምን አፍ አለኝ? እርስዎ እያሉ! … እሺ። እሺ፣ ካሉኝማ አበልጅ ሳልሆን ነው? የበላሁበትን ቤት ሳልመርቅማ አልሄድም።»

ተነሳች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ሰዉም ሁሉ ከያለበት ተነሳ። ደሳለም ጃኬቱን እንደያዘ ተነሳ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ሁለቱ ትንንሽ ወንዶች ልጆቹ፣ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ከግራና ከቀኝ መጥተው ተጠጉት።

«ይኼን ቤት ቤተ ሰላም ያድርገው!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ።

«ደጁን ከእንግዳ፣ ጓዳውን ከበረከት አያጉድለው!»

«አሜን!»

«ሸጌን በጤና ያቆይልን፣ የእጇን ይባርክላት!»

«አሜን!»

«ለባለቤቱ የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥልን። የሠራውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ጊዜ ይስጠው!»

«አሜን!» አለ ሰዉ፣ ቀዝቀዝ ብሎ።

ደብሪቱ ልጆቹን አየቻቸው። ትልቅየው ጥርሱ ወልቋል፤ አፉን ከፍቶ ይመለከታታል። ለአንድ አፍታ ተወችው፣ እጇንም ዝቅ ልታደርግ ነበር። ከዚያ የዘመን ትከሻ ክንዷን ነካት።

«መቼም ሰው ነንና ሁላችንም አንድ ቀን እንሄዳለን …» አለች፣ ማር በመሰለ ድምፅ። «ያን ጊዜ፣ እነዚህ አንበሶች አባታቸውን ያጡ ዕለት፣ እግዚአብሔር ሜዳ ላይ አይጣላቸው። ቤታቸው ገብቶ የሚያለቅስላቸው፣ እናታቸውን የሚመክርላቸው፣ የአባታቸውን ጥሪት የሚይዝላቸው … ልክ አባታቸውን የመሰለ የክርስትና አባት ይስጥልን!»

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ መቋሚያቸው ዝቅ አደረጉ።

«አሜን!» አሉ ሁለቱ ልጆች ብቻ፣ በአንድ ድምፅ።